በአንድ ጽሕፈት ቤት ሁለት መዝገብ እንዳይኖር፦ ኮምፒውተሮች መገናኘት ሲያቅታቸው ምክንያቱን በቅደም ተከተል መፈለግ



ይህን ትምህርት ለፕሮጀክት ክትትል በሄድኩበት በአንድ የወረዳ ከተማ ደብር ካየሁት ነገር ልጀምር። በዚያ ደብር ለብዙ ዓመታት በአባልነት የኖሩ አንዲት እናት ዐረፉ። ልጆቻቸውም የፍትሐቱንና የቀብሩን ሥርዓት ለማስፈጸም በማለዳ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። ጸሐፊዋ በኮምፒውተራቸው ያለውን የአባላት መዝገብ ከፍተው ሲመለከቱ የእናትየው የዓመቱ አስተዋጽኦ እንዳልተከፈለ ሆኖ አገኙት። ልጆቹ «ከፍለዋል» አሉ፤ ጸሐፊዋ «መዝገቡ አያሳይም» አሉ። በዚህ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ለቅሶውን ትቶ ደረሰኝ ፍለጋ የእናቱን ሣጥን ሲበረብር አረፈደ። ደረሰኙ ተገኘ። ክፍያውም በሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ውስጥ በቀኑ ተመዝግቦ ኖሯል። ቀብሩ በተቀጠረለት ሰዓት ተፈጸመ፤ ነገር ግን የበኩር ልጃቸው «እናቴ ዕዳ ሳይኖርባት በሞተችበት ቀን ባለ ዕዳ ተባለች» ብሎ የተናገረው ቃል ከሰበካ ጉባኤው አባላት ጆሮ አልጠፋም።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ከአራት ወራት በፊት የደረሰ ትንሽ ብልሽት ነበር። በደብሩ ጽሕፈት ቤት የአባላት መዝገብ በሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ጸሐፊዋም በውስጥ ኔትወርክ አማካይነት ከራሳቸው ጠረጴዛ ሆነው ይከፍቱት ነበር። አንድ ቀን ግን ሁለቱ ኮምፒውተሮች መገናኘት አቃታቸው። «ለጊዜው» ተብሎ መዝገቡ በፍላሽ ተገልብጦ ለጸሐፊዋ ተሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ ሹሙ በአንዱ ላይ፣ ጸሐፊዋ በሌላው ላይ መጻፍ ቀጠሉ። ለጊዜው የተባለው አራት ወር ሆነ፤ አንድ የነበረው መዝገብም ሁለት ሆነ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢውን የኮምፒውተር ባለሙያ ማድረግ አይደለም። ሁለት ኮምፒውተሮች መገናኘት ሲያቅታቸው መፍትሔው መዝገቡን ለሁለት መክፈል ሳይሆን ምክንያቱን ከታች ወደ ላይ፣ በቅደም ተከተል፣ አንድ በአንድ መፈለግ መሆኑን ማሳየት ነው። ይህን ማንኛውም ታጋሽና ጠንቃቃ የጽሕፈት ቤት አገልጋይ ሊያደርገው ይችላል።

ኢንተርኔትና የውስጥ ኔትወርክ አንድ አይደሉም

አስቀድሞ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙዎቻችን «ኔትወርክ የለም» ስንል ኢንተርኔት ማለታችን ነው። በጽሕፈት ቤታችን ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ራውተር በሚባለው መሣሪያ በኩል ከግቢው ውጭ ካለው ዓለም የሚያገናኘን ኢንተርኔት ነው። ሁለተኛው በዚያው ራውተር፣ አንዳንድ ጊዜም ስዊች በሚባል የገመድ ማከፋፈያ አማካይነት በግቢው ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው የሚያገናኘው የውስጥ ኔትወርክ ነው።

የውጪው መስመር ቢቋረጥም ራውተሩ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር የሒሳብ ሹሙን መዝገብ መክፈት ይችላል። በአንጻሩ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት እያገኙ እርስ በርሳቸው ግን ላይተያዩ ይችላሉ። ከላይ በጠቀስኩት ደብር የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። «ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ስለዚህ መስመሩ ደኅና ነው» የሚል ድምዳሜ አራት ወር ሙሉ ትክክለኛውን ምክንያት ሸፍኖት ቆየ።

ከመነካካት በፊት መጠየቅ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ገመድ ከመንቀልና ቁልፍ ከመጫን በፊት በወረቀት ላይ መልሳቸው ሊጻፍ የሚገባ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ያልሠራው የትኛው ነው?» የሚል ነው። መገናኘት ያቃተው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ችግሩን በዚያ ኮምፒውተርና በገመዱ ዙሪያ እንፈልጋለን። ሁሉም ከሆኑ ግን ወደ ራውተሩ፣ ወደ ስዊቹ ወይም መዝገቡ ወዳለበት ኮምፒውተር እንሄዳለን። ሁለተኛው «እስከ መቼ ይሠራ ነበር?» የሚል ነው። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ «በዚያ ሰሞን ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው። መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር? ቢሮው ቀለም ተቀብቶ ዕቃ ተነሥቶ ነበር? አዲስ መሣሪያ ተገዝቷል? የይለፍ ቃል ተቀይሯል? ትናንት ሲሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ካልሠራ፣ በመካከል የተለወጠ ነገር አለ ብሎ መነሣት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ኃይልና ገመድ

ፍለጋው ከዓይን ይጀምራል። መዝገቡ ያለበት ኮምፒውተር በርቷልን? ይህ ጥያቄ የሚያስቅ ቢመስልም ብዙ ጊዜ መልሱ እዚሁ ላይ ይገኛል። ኮምፒውተር ለተወሰነ ደቂቃ ሳይነካ ሲቀር ኃይል ለመቆጠብ «ይተኛል»፤ በተኛበት ጊዜም ከኔትወርኩ ይጠፋል። ሒሳብ ሹሙ ለቅዳሴ ወይም ለስብሰባ ሲወጡ መዝገቡ የሚጠፋ፣ ሲመለሱ የሚገኝ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። በኮምፒውተሩ የኃይል አጠቃቀም ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ፣ በኤሌክትሪክ ላይ ሳለ እንዳይተኛ ማድረግ ይበቃል። ስክሪኑ ቢጠፋ ጉዳት የለውም።

ቀጥሎ ገመዱ ይታያል። ገመዱ በሚሰካበት ቦታ ላይ በራውተሩም ሆነ በኮምፒውተሩ በኩል ትንንሽ መብራቶች አሉ። ሁለቱም ወገን በርተው ሳለ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ገመዱ ተጎድቷል፣ ላልቷል ወይም የተሰካበት ቀዳዳ ተበላሽቷል። ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ገመድ ወስዶ በቦታው መሰካት ጥርጣሬውን በአንድ ደቂቃ ይፈታል። በምንጣፍ ሥር የሚረገጥ፣ በበር የሚቀረጠፍና በጣራ ሥር አይጥ የሚያገኘው ገመድ ሳይታይ ይጎዳል። የተለመደው የመዳብ ኔትወርክ ገመድ የሚሠራው እስከ 100 ሜትር ርቀት ድረስ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሚዘረጉ ደብሮች ይህን አስቀድመው ይለኩ።

ስዊች ባለበት ቢሮ አንድ የተለየ አደጋ አለ። ትርፍ ገመድ ሲገኝ ሁለቱንም ጫፎቹን በዚያው ስዊች ላይ የሰካ ሰው፣ መረጃው መውጫ አጥቶ በዚያው እንዲሽከረከር ስለሚያደርግ መላውን ኔትወርክ ሊያሰናክል ይችላል። ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከተቋረጡና የስዊቹ መብራቶች በሙሉ ያለ ዕረፍት የሚብለጨለጩ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ተከታትሎ ማየት ያስፈልጋል።

በዋይፋይ ለሚገናኙት ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ግንብና የብረት በር የሬዲዮ ሞገዱን እንደሚያዳክሙ ይታወቅ። 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ነው፤ ግንብ ሲያልፍ ግን ከ2.4 ጊጋኸርትዝ ይልቅ ይደክማል። መዝገቡ ያለበት ኮምፒውተር ሁልጊዜ በገመድ ቢገናኝ ይመረጣል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ አድራሻ

ገመዱ ደኅና ከሆነ ወደ አድራሻው እንሻገራለን። በኔትወርክ ላይ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ የሚባል በአራት ክፍል የተጻፈ ቁጥር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ነው። አድራሻውን ለማየት በዊንዶውስ የመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈን የሚመጣውን ጥቁር መስኮት እንከፍታለን። በዚያም ውስጥ አይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ የሚሉትን ፊደላት ያለ ክፍተት ጽፈን «ኢንተር» እንጫናለን። ከሚዘረዘሩት መስመሮች የምንፈልገው «አይፒቪ 4» በሚለው ፊት ያለውን ቁጥርና «ዲፎልት ጌትዌይ» በሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ነው። የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ አድራሻ፣ ሁለተኛው የራውተሩ አድራሻ ነው። የሁለቱንም ኮምፒውተሮች ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን እንጻፍ። ይህ ወረቀት ብዙ ምሥጢር ይገልጣል።

ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ቁጥር ሰጥቷል ማለት ነው። ይህ ሲሆን ወደ አንደኛው ደረጃ ተመልሰን ገመዱንና ራውተሩን እንመርምር፤ ራውተሩን አጥፍቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ማብራትም ብዙ ጊዜ ይረዳል።

በትንንሽ ቢሮዎች ዘንድ በተለመደው አሠራር የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች በሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ መሆን፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ መለያየት አለበት። ለምሳሌ አንዱ 192.168.1.10፣ ሌላው 192.168.1.15 ቢሆን ሁለቱ በአንድ ሰፈር ያሉ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ 192.168.1.15፣ ሌላው 192.168.0.20 ቢሆን ግን ሰፈራቸው ተለያይቷል፤ በተራ ፍለጋም አይተያዩም። ሰፈር ከሚለያዩባቸው ምክንያቶች ዋነኛው በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ራውተሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አድራሻ ማደላቸው ነው። አንዱ ኮምፒውተር በቢሮው ራውተር፣ ሌላው በሞባይል ስልክ ኢንተርኔት ሲገናኝም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። «ለእንግዳ» ተብሎ በተከፈተ ዋይፋይ የገባ ኮምፒውተርም ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የቢሮውን ኮምፒውተሮች እንዳያይ አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተከለለ ነው።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ራውተሩ ለኮምፒውተሮቹ ከቀድሞው የተለየ ቁጥር ሊያድል ይችላል። ጸሐፊዋ መዝገቡን በቀድሞው ቁጥር ይፈልጉት ከነበረ አያገኙትም፤ በቁጥር የተመዘገበ ማተሚያም እንዲሁ ይጠፋል። መድኃኒቱ በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ መዝገቡ ላለበት ኮምፒውተርና ለማተሚያው የማይለወጥ ቁጥር ማስያዝ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጥሪና መልስ

አድራሻው ከተስተካከለ፣ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህን?» ብሎ የሚጠራበት ፒንግ የሚባል መንገድ አለ። በዚያው ጥቁር መስኮት ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ ብለን፣ ክፍተት ሰጥተን የምንጠራውን ቁጥር እንጽፋለን። ጥሪው በቅደም ተከተል ይሁን። በመጀመሪያ 127.0.0.1ን እንጥራ፤ ይህ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ነው። ቀጥሎ የራውተሩን ቁጥር፣ በመጨረሻም የሌላውን ኮምፒውተር ቁጥር እንጥራ። ጥሪው መልስ ያጣበት ቦታ ፍለጋችንን የምናጠብቅበት ቦታ ነው። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ በእኛና በራውተሩ መካከል ነው። ራውተሩ መልሶ ሌላው ኮምፒውተር ካልመለሰ ደግሞ ችግሩ በአብዛኛው በዚያኛው ኮምፒውተር ወይም ወደ እርሱ በሚወስደው መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ «መልስ» የሚል መስመር ስለታየ ብቻ ደረሰ አይባልም። መልሱ የመጣው ከማን ቁጥር እንደሆነ ይነበብ። የመለሰው የራሳችን ኮምፒውተር ከሆነና «አይደረስበትም» የሚል ቃል ካለበት፣ ጥሪው ከቤት ሳይወጣ ተመልሷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የዊንዶውስ ፋየርዎል እንደ አቀማመጡ የፒንግን ጥሪ ሊከለክል ስለሚችል፣ ሌላው ኮምፒውተር ዝም ስላለ ብቻ ተቋርጧል ብለን አንፍረድ። ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንለፍ።

አራተኛ ደረጃ፦ ዘበኛው

ፋየርዎል የኮምፒውተሩ በር ጠባቂ ነው። ጠባቂው ጥብቅ ወይም ለዘብተኛ የሚሆነው ኮምፒውተሩ ያለበት ኔትወርክ የሕዝብ ነው ወይስ የግል በሚለው ላይ ተመሥርቶ ነው። ዊንዶውስ «ፐብሊክ» ብሎ በመዘገበው ኔትወርክ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱን ይሰውራል፤ ይህም በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ የተገባ ነው። በራሳችን ቢሮ ግን «ፕራይቬት» ሊሆን ይገባል። አዲስ ራውተር ሲገዛ ወይም የዋይፋዩ ስም ሲቀየር ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ስለሚቆጥረው፣ ማንም ሳይነካው ወደ «ፐብሊክ» ሊመለስ ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» በሚለው ሥር ገብቶ ይህን ማስተካከል ይቻላል። በዚያው ዘርፍ የላቀ የማጋሪያ ማስተካከያ ውስጥ ለግል ኔትወርክ «ኔትወርክ ዲስከቨሪ» እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» የሚባሉት ሁለቱ መብራታቸው ይረጋገጥ።

ለሙከራ ተብሎ ፋየርዎልን ማጥፋትና ረስቶ መሄድ ግን ከብዙ ቢሮዎች ያየሁት ልማድ ነው። የዘበኛው መመሪያ ይታረማል እንጂ ዘበኛው አይባረርም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ስምና ፈቃድ

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ደኅና ሆኖ መዝገቡ ካልተከፈተ፣ በፋይል መፈለጊያው የአድራሻ መስመር ላይ የሌላውን ኮምፒውተር ቁጥር ከሁለት ዘንበል ያሉ መስመሮች ጋር እንጻፍ፤ ይኸውም \\192.168.1.10 እንደማለት ነው። በቁጥር ተከፍቶ በስም ካልተከፈተ መንገዱ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ክፍል ብቻ ነው። የማይለወጥ ቁጥር ካስያዝን በቁጥሩ እየከፈትን ሥራችንን መቀጠል እንችላለን።

ኮምፒውተሩ ተገኝቶ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ቢጠይቅ፣ የሚፈለገው መዝገቡ ባለበት ኮምፒውተር ላይ የተፈጠረ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩን በየቀኑ የሚከፍቱበትን አጭር የፒን ቁጥር ያስገባሉ። ፒን የሚያገለግለው በዚያው ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ስለሆነ በኔትወርክ በኩል አይሠራም። የይለፍ ቃል የሌለው ተጠቃሚም በተለመደው አቀማመጥ በኔትወርክ እንዲገባ አይፈቀድለትም።

«ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ሁለት በሮች መኖራቸውን እናስብ። አንዱ በር ፎልደሩ ሲጋራ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው በር በፎልደሩ የደኅንነት ገጽ ላይ ያለው ፈቃድ ነው። ሰውየው በሁለቱም ማለፍ አለበት፤ ከሁለቱ የጠበበው ይጸናል። ለጸሐፊዋ የመጻፍ ፈቃድ በአንዱ በር ተሰጥቶ በሌላው የማንበብ ብቻ ከሆነ፣ መዝገቡን ያያሉ እንጂ ማረም አይችሉም። በዚህ አጋጣሚ «ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ» ብሎ ከመክፈት ይልቅ፣ በስም ለሚታወቁት ሁለት ወይም ሦስት አገልጋዮች ብቻ መስጠት ለምእመናን ምሥጢርም ለቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብም ጥበቃ ነው።

ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች

በስጦታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች በብዙ አጥቢያዎች ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ፋይል የሚጋራበት ኤስኤምቢ 1 የተባለ አሮጌ ቋንቋ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጡ ዊንዶውሶች ይህን ቋንቋ በተለመደው አጫጫናቸው አያካትቱትም፤ ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ አይግባቡም። አንዳንድ ጠጋኞች አሮጌውን ቋንቋ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ መልሰው በመክፈት ችግሩን «ይፈቱታል»። ነገር ግን ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. መሰራጨት የጀመረውና በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችንና ድርጅቶችን ፋይላቸውን ቆልፎ ገንዘብ የጠየቀው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በዚሁ አሮጌ ቋንቋ ቀዳዳ ነው። አሮጌውን ኮምፒውተር ከመዝገቡ መስመር ማግለልና ለሌላ ሥራ ማዋል ይሻላል። ዊንዶውስ 7 የአምራቹን መደበኛ ድጋፍ ያጣው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መሆኑም በዕቅድና በበጀት ጊዜ ይታሰብ።

የዚያ ደብር ምክንያት ምን ነበር?

አሁን ወደ ጀመርንበት ደብር እንመለስ። ሒሳብ ሹሙና ጸሐፊዋ በተገኙበት ከላይ የተጻፈውን ቅደም ተከተል ይዘን ተቀመጥን። «ምን ተለወጠ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ለደብሩ ዓመታዊ በዓል ቢሮው ቀለም እንደተቀባና ዕቃው ሁሉ እንደተነሣ ነገሩኝ። የገመዶቹ መብራት ደኅና ነበር። አድራሻዎቹን በወረቀት ስንጽፍ ግን የጸሐፊዋ 192.168.1.15፣ የሒሳብ ሹሙ 192.168.0.20 ሆኖ ተገኘ። ሰፈራቸው ተለያይቷል።

የሒሳብ ሹሙ ክፍል ራቅ ያለ ስለሆነ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ሁለተኛ ራውተር አድራሻ እንዳያድል ተደርጎ፣ እንደ ገመድ ማከፋፈያ ብቻ እንዲያገለግል በዚያ ተቀምጦ ነበር። ከቀለሙ በኋላ ገመዱ ሲመለስ አልሠራ ስላለ፣ አንድ በጎ ፈቃደኛ በቀጭን ሽቦ የዳግም ማስጀመሪያውን ቀዳዳ ተጭኖ መሣሪያውን ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ሁኔታ መለሰው፤ ገመዱንም ለኢንተርኔት በተለየው ቀዳዳ ላይ ሰካው። ኢንተርኔት መጣ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለተኛው ራውተር የራሱን አድራሻ ማደል ጀመረ፤ የሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተርም ከጀርባው ተከልሎ ከጸሐፊዋ ተሰወረ።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ሁለተኛው ራውተር አድራሻ ማደሉን እንዲያቆም አደረግን፤ ለራሱም ማንም ያልያዘውን 192.168.1.2 ሰጠነው። ገመዱን ከኢንተርኔቱ ቀዳዳ ነቅለን ከሌሎቹ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካነው። ሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው ሲያበሩ 192.168.1.20 የሚል አድራሻ አገኙ፤ ጸሐፊዋም ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ መዝገቡን ከፈቱ። ሁሉም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጀ። ሁለቱን መዝገቦች ከደረሰኝ ቅሪት ጋር እያመሳከሩ መልሶ አንድ ማድረግ ግን ሒሳብ ሹሙን፣ ጸሐፊዋንና አንድ የሰበካ ጉባኤ አባልን ዘጠኝ የሥራ ቀን ፈጀባቸው። በዚያ ምርመራ ላይ እንደ እኒያ እናት ከፍለው ሳሉ ያልከፈሉ ተደርገው የተጻፉ ሌሎች አባላትም ተገኙ። ሰበካ ጉባኤው ወደ ልጆቹ ቤት ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከዚህ የምንማረው ለቴክኒክ ሠራተኛ ብቻ የሚተው አይደለም። የመዝገብ አንድነት የአስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚከተሉትን ቢወስን ብዙ ችግር ሳይደርስ ይቀራል።

1. የአባላት፣ የሒሳብና የጥምቀት መዝገቦች ዋናው ቅጂ በየትኛው ኮምፒውተር እንደሚገኝ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ግንኙነት ሲቋረጥ የሚጻፈው በዚያ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌላው አገልጋይ እስኪስተካከል ድረስ በወረቀት መዝግቦ ያስረክብ።

2. ለመጠባበቂያ የሚወሰደው ቅጂ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት እንዳይሆን ይደረግ፤ ቀኑ ተጽፎበትም ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ።

3. የራውተሮቹ፣ የስዊቹና የኮምፒውተሮቹ አቀማመጥ፣ አድራሻዎቻቸውና የገመዶቹ መስመር በአንድ ገጽ ተስሎ በፋይል ይያዝ። በየገመዱ ጫፍ ላይም ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፍ። ቢሮ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የገመዶቹ ፎቶግራፍ ይነሣ።

4. የራውተሩ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ ከመጣበት ይቀየር፤ አዲሱም በታሸገ ፖስታ በአስተዳዳሪው ዘንድ ይቀመጥ እንጂ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይኑር።

5. ጥገና የሚያደርግ ሰው፣ ባለሙያም ቢሆን በጎ ፈቃደኛ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ የለወጠውንም ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ያልረዳ ለውጥ ወደ ነበረበት ይመለስ።

6. «ለጊዜው» ተብሎ የሚወሰድ መፍትሔ ሁሉ ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ያ ቀን ሲደርስም በስብሰባ ይጠየቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችን ዛሬ ከአንድ በላይ ቅጂ ያለውና በሁለት እጅ የሚጻፍበት መዝገብ አለን? ካለ ከመቼ ጀምሮ?

ለ. ኮምፒውተሮቻችን ነገ ጠዋት መገናኘት ቢያቅታቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቀውና መልሱን የሚጽፈው ማን ነው?

ሐ. አንድ ምእመን «ከፍያለሁ» ቢል መዝገቡ «አልከፈለም» ቢል፣ እውነቱ እስኪጣራ ድረስ ሸክሙን የሚሸከመው ምእመኑ ነው ወይስ ጽሕፈት ቤቱ?

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የዚያ ደብር ሰበካ ጉባኤ የወሰደውን ውሳኔ ጠቅሼ ልፈጽም። ከእንግዲህ በሐዘን ቀን የመዝገብ ልዩነት ቢገኝ ሥርዓቱ ሳይስተጓጎል ይፈጸማል፤ ደረሰኝ የሚፈልገውም ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ቅሪት ውስጥ ይሆናል እንጂ ለቅሶ የተቀመጠ ልጅ አይሆንም። ቃለ ጉባኤው የተፈረመበት ወረቀት ቅጂ ዛሬም ከሁለተኛው ራውተር በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።